እማማ ወረቀትና የጠፋችው ቅጂ

ተማሪዎች ሁሉ «እማማ ወረቀት» እያሉ የሚጠሯቸው ውድ አክስቴ፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በጥቅምት ወር 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። ከስድስት ልጆች የመጀመሪያዋ ነበሩ። መስመር መሳል የለመዱት በአባታቸው የልብስ ጠመኔ ነው። የመጀመሪያ ሥዕላቸው በአንድ ደንበኛ ኮት ጀርባ ላይ ያሳረፏት ዶሮ ስትሆን፣ ዶሮዋ በብሩሽ ብትለቅም አያቴ ግን ነገሩን እስኪሞቱ ድረስ አልለቀቁላቸውም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ተከታትለው በ1964 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። ሐሳባቸው እንደ እናታቸው ሰው መርዳት ስለነበር በከተማው የጤና ኮሌጅ ለነርስነት ተመዘገቡ። በሦስተኛው ቀን ደም አዩና ክፍል ውስጥ ተዘርረው ወደቁ። ያነሷቸው አስተማሪ ደብተራቸውን ገልጠው አይተው «አንቺ ልጅ፣ ጽሕፈትሽ እንዲህ እያማረ መርፌ ምን ያደርግልሻል?» አሏቸው። አክስቴ ያን ቀን እንዳለቀሱ፣ በማግሥቱ ግን እንዳመኑበት ይናገሩ ነበር።

በ1965 ዓ.ም. በዚያው የጤና ኮሌጅ የትምህርት መርጃዎች ክፍል ተቀጠሩና ለአርባ ዓመት ሠሩ። ክፍሉ ሁለት መስኮት፣ እጀታው በእጅ የሚዞር አንድ የማባዣ ማሽን፣ ጥግ ላይ ነጭ ጋወን የለበሰ አንድ አጽም ነበረው። በዚያ ዘመን አንድ መጽሐፍ ለአርባ ተማሪ ነበር የሚደርሰው። ስለዚህ የልቡም፣ የኩላሊቱም፣ የአጥንቱም ትምህርት በአክስቴ እጅ ተስሎ፣ በቀላል ቋንቋ ተጽፎ፣ ተባዝቶ ይታደል ነበር። ለመርፌ መለማመጃ ትራስ ሰፍተዋል። ለአዋላጅ ተማሪዎች ደግሞ እትብት ያላት የጨርቅ ሕፃን ሠርተዋል። ሥራቸውን የጠየቃቸው ሰው ግን «እኔ ወረቀት ነው የማባዛው» የሚል መልስ ብቻ ነው የሚያገኘው።

በ1970 ዓ.ም. የአጽሙን ማቆሚያ ሊጠግኑ ከመጡት የኮሌጁ አናጺ ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ «ያስተዋወቀን አጽሙ ነው፤ ሽማግሌ የላክሁት በኋላ ነው» ይላሉ። በ1973 ዓ.ም. አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። በ1981 ዓ.ም. ታናሽ እህታቸው የሆኑት እናቴ ሲያርፉ፣ እኔን በአራት ዓመቴ ወስደው ከልጃቸው ሳይለዩ አሳደጉኝ። እኔ እትዬ ነበር የምላቸው። ከትምህርት ቤት ስወጣ የምቆየው በዚያ ቀለም ቀለም በሚሸት ክፍላቸው ውስጥ ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የሆነውን ዘልዬ ባልፍ እሳቸው ራሳቸው ይቆጡኛል። መርፌ መቀመጫ ላይ የሚወጋበትን ቦታ የምታሳይ ወረቀት እያዘጋጁ ነበር። ሥዕሉን የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፈው ሲገለብጡ ወረቀቱ ዞሮባቸው ግራው ቀኝ ሆነ። ቀስቱን ግን መጽሐፉ ላይ እንዳለው በቀኝ በኩል አደረጉት። በዚህ የተነሣ ውጭውን ጎን ማመልከት የነበረበት ቀስት፣ ነርቭ የሚያልፍበትን የውስጡን ጎን አመለከተ። እዚያ የተወጋ ሰው እግሩ ሊሰንፍ ይችላል። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቅጂ ተባዛ። አክስቴ እንደ ልማዳቸው በእያንዳንዱ ጥግ ላይ ቁጥር ጻፉበትና ተማሪዎችን በመዝገብ እያስፈረሙ አደሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት ተማሪ ትራሱ ላይ ስትለማመድ መርፌውን ውስጠኛው ጎን ላይ ሰካችው።

«አንቺ፣ ምን ነካሽ? የሰውዬውን እግር ልትነሺው ነው?» አሏት።

«እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ? ወረቀቱ እዚህ ነው እኮ የሚለው!»

አክስቴ ወረቀቱን ተቀብለው አዩትና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያም ተነሥተው በቀጥታ ወደ ዲኑ ቢሮ ሄዱ፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ተማሪ ላይ እንዳይላከክ» አሉ። ዲኑ ማስታወቂያ ይለጠፍ ሲሉ፣ «ማስታወቂያው ሰሌዳው ላይ ይቀራል፤ ወረቀቷ ግን በሰው ኪስ ገብታ ትሄዳለች» ብለው የዓመት ፈቃዳቸውን ወሰዱ። ተማሪዎች ለልምምድ ወደወጡባቸው አሥራ አንድ ጤና ጣቢያዎች ከባለቤታቸው ጋር በአውቶቡስ እየዞሩ ወረቀቱን አንድ በአንድ ሰበሰቡ። ወረቀት ብርቅ ስለነበር አልቀደዱትም። በቀይ እርሳስ ትክክለኛውን ቀስት ሥለው ለየተማሪው መለሱ። በወሩ መጨረሻ ሦስት መቶ አሥራ አንዱ ተገኘ። ቁጥር 207 ጠፋች። በመዝገቡ ላይም ማንም አልፈረመባትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለሠላሳ ዓመት ያገኙትን ተመራቂ ሁሉ «ሁለት መቶ ሰባት አንተ ጋ የለችም?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ጸጉራቸው የሸበተ ሐኪሞች ሳይቀሩ ገና ከሩቅ ሲያዩአቸው «እማማ፣ እኔ ጋ የለችም!» ይላሉ። አክስቴም አብረው ይስቁ ነበር። መንገድ ላይ የሚያነክስ ሰው ሲያዩ ግን ሳቃቸው ይጠፋል። አንድ ቀን አንድ ባለ ምርኩዝ ሰው እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ተከትለው «ወንድሜ፣ አይቆጡኝና፣ መርፌ ተወግተው ነው?» አሉት። ሰውዬው ከዛፍ ወድቆ ነበር። ያን ቀን እትዬ እንዴት ደስ እንዳላቸው ሳስታውስ ዛሬም እስቃለሁ።

በ2005 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡም በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ኮሌጁ አይቀሩም ነበር። ተማሪዎች ትምህርቱን በስልካቸው ሲቀባበሉ አይተው «ታዲያ ቢሳሳት ከማን ትሰበስቡታላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

በ2014 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመ። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ መርፌ ልትወጋቸው የመጣችውን ወጣት ነርስ «ቦታውን ማን አሳየሽ?» ቢሏት፣ «አስተማሪያችን ቀይ ቀስት ያላት አሮጌ ወረቀት አላት» አለቻቸው። ዞረው ተወጉላት። በመጨረሻው ሳምንት ግን እጄን ይዘው «ያቺ የጠፋችው ሰው ጎድታ ይሆን?» አሉኝ። «ኧረ እትዬ፣ በፍጹም!» አልኋቸው። የማውቀው ነገር ግን አልነበረም። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 23 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ትናንት ለዚህ ጽሑፍ የሚሆን ፎቶግራፍ ስፈልግ ባለቤታቸው የሠሩላቸውን የእንጨት ሣጥን ከፈትሁ። ከመዝገባቸው ሥር የእኔ የሦስተኛ ክፍል የሒሳብ ደብተር ተቀምጧል። ነጭ ሽፋኑ ላይ ስሜና ክፍሌ በእሳቸው ውብ ጽሕፈት ተጽፏል። ማጣበቂያው ደርቆ ስለነበር ሽፋኑ እጄ ላይ ተገነጠለ። ስገለብጠው ቀስቱን አየሁት። ጥጉ ላይ 207 ይላል።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከጠረጴዛቸው ላይ ሳልጠይቅ ያነሣኋት እኔ ነኝ። ጀርባዋ ንጹሕ ስለነበር ደብተሬን ሸፈንሁባትና ስሜን እንዲጽፉልኝ ሰጠኋቸው። «ጎበዝ፣ እንዴት ጥርት ያለ ሽፋን ነው!» ብለው እዚያው ጻፉልኝ። ሠላሳ ዓመት የፈለጓትን ወረቀት ያን ቀን በእጃቸው ይዘዋት ነበር።

አክስቴ ባለቤታቸውን፣ አንድ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ለሰው እግር ሲሳቀቁ የኖሩትን ነፍስ ፈጣሪ መሳቀቅ በሌለበት ያሳርፍልን። የእማማ ወረቀት ተማሪዎች የሆናችሁ ሁሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ አትፈልጉ። ወረቀቷ በር ላይ ከሐዘን መግለጫው መዝገብ አጠገብ አለች፤ ቀስቷን በራሳቸው ቀይ እርሳስ አስተካክያለሁ።

እትዬ፣ ሁለት መቶ ሰባት እኔ ጋ ነበረች። ማንንም አልጎዳችም። መዝገብዎ ላይ ባዶ በቀረው ቦታ ፈርሜያለሁ።