የአሮጌው ሰፈር መስመር

ጥቅምት 6
ዛሬም የማዘጋጃ ቤቱን ካርታ ይዤ የሰቆጣን አሮጌ ሰፈር ስዞር ዋልኩ። ምክር ቤቱ ካጸደቀው፣ ከቅርስ ክልሉ መስመር ውስጥ የገባ ቤት አይፈርስም፣ በብሎኬትም አይተካም። መስመሩን የማሰምረው ደግሞ እኔ... ጠዋት ጉም ነበር። የድንጋይ ቤቶቹ ከጉሙ ውስጥ ቀስ እያሉ ሲወጡ፣ ቆሜ ቀረሁ። ሥራ ላይ ነኝ ወይስ እያለምኩ?

ጥቅምት 9
አባ ኪዳኑ ቤት ገባሁ። ባለ ፎቅ ነው፤ ከሰፈሩ ሁሉ የሚያምረው። ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው ባንቺ ጅዳ ናት፤ ይህን አፍርሳ በብሎኬት ልትሠራላቸው አስባለች። ከመስመሩ እንዳስወጣቸው ለመኑኝ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ክረምቱን ጥግ ላይ ተኮራምተው ነው ያለፉት። ስለ ቅርስ አወራኋቸው... ምን ነካኝ? እስክጨርስ ሰሙኝ።
«ቤቱን ትጠብቂዋለሽ፤ እኔንስ ማን ይጠብቀኛል?»
ካርታዬን አጣጥፌ ወጣሁ።

ጥቅምት 10
ባወጣቸውስ? እርሳስ አነሣሁ። ግን እሳቸው ከወጡ ጎረቤታቸውም ልውጣ ይላል... ከዚያ ምን ሰፈር ይቀራል? እርሳሱን አስቀመጥኩ።

ጥቅምት 17
የነዋሪዎች ስብሰባ። አለቃዬ መንግሥቴ ረቂቁን አነበበ። ማፍረስ አይቻልም፣ መለወጥ አይቻልም... አባ ኪዳኑ ከኋላ አንገታቸውን ደፍተዋል። ሳላስበው እጄን አወጣሁ። ፊት ለፊቱ እንዳለ ይቆይ፣ በጓሮ በኩል መሥራት ግን ይፈቀድ፤ ለሚያፈስ ጣሪያም ማዘጋጃ ቤቱ ያግዝ አልኩ። መንግሥቴ ገላመጠኝ። ሰዉ ግን ደገፈኝ፤ ረቂቁ ውስጥ ገባ።

ኅዳር 3
ጸደቀ። ማታውን ባንቺ ደወለች። አባቷን ፍርስራሽ ውስጥ እንዳሰርኩባት ነገረችኝ። ጓሮው ላይ መሥራት እንደምትችል አስረዳኋት። እያለቀሰች፣
«ብሠራስ... ማን አብሯቸው ያድራል?»
ለካ የሚያስጨንቃት ብሎኬቱ አልነበረም።

ኅዳር 20
ሠራተኞቹ ጣሪያው ላይ ወጥተዋል። አባ ኪዳኑ ከታች ሆነው ያዛሉ።

ታኅሣሥ 2
የአባ ኪዳኑን ፎቅ ተከራየሁት። ሐሳቡ የኔ ነው፤ ባንቺም ደስ ብሏታል። ትናንት አደርኩበት። መስኮቱን ስከፍት ሰቆጣ ከሥሬ ተኝታለች፣ ጣሪያዎቹ ሁሉ የሚተነፍሱ ይመስላሉ... ካርታ ላይ እንዲህ አልነበሩም። ጠዋት ወርጄ እንዴት እንዳደሩ ጠየቅኳቸው። ፊታቸውን እየታጠቡ ነበር።
«ኮቴሽን ከላይ ስሰማ፣ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ» አሉኝ።