ባዶ የቀሩት አምስት ቀናት፦ የዶክተር ዋሪክ ፓስኮ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ዋሪክ ፓስኮ ከአባታቸው ከአቶ ክሌም ፓስኮና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤድና ፕራይዝ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1957 በአውስትራሊያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ቱሙት በተባለች ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ፖም አምራች ነበሩ። እናታቸው ቀድመው ስላረፉ፣ ያሳደጓቸው በዘጠኝ ዓመት የሚበልጧቸው እህታቸው ወይዘሮ ኖሪን ናቸው።

በ1976 ወሎንጎንግ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ፊዚክስን እስከ ዶክትሬት ተማሩ። በ1984 ወይዘሮ ግሌንዳን አግብተው ብሮንዊንንና ኬሪን ወለዱ።

ሥራቸውን ማስረዳት ሲጀምሩ እራት ይቀዘቅዝ ነበር፤ ስለዚህ ባጭሩ፦ ከሰደድ እሳት የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታ የሌለው መርዝ፣ ለመሬት ቅርብ በሆነው አየር ውስጥ ምን ያህል እንዳለ በሳተላይት ይለኩ ነበር። ሳተላይቱ ከደመና በታች አያይም። ደመና ያለበትን ልኬት የሚጥለውን መስፈርት በ2003 የጻፉት እሳቸው ናቸው። ለአሥራ ሰባት ዓመት ማንም አልተጠራጠረውም።

በጃንዋሪ 2020 ቱሙት በጭስ ተዋጠች። አስም ያለባቸው ወይዘሮ ኖሪን ደውለው፣ «ዋሪክ፣ ያ ሰማይ ላይ የሰቀላችሁት ነገር ምን ይላል? ልውጣ ወይስ ልቀመጥ?» አሏቸው። የሳተላይቱ ካርታ ላይ ቱሙት ባዶ ነበረች። ደመና መስሏቸው፣ «ነገ ሳተላይቱ ሲያልፍ አይቼ እነግርሻለሁ» አሉ።

በማግስቱም ባዶ ነበረች። «እንግዲህ ሳያየኝ አለፈ በለኛ፤ ፀጉሬን ተሠርቼ ልጠብቀው?» አሉ ወይዘሮ ኖሪን እያሳሉ። በሦስተኛው ቀን መንገዱ ተዘጋ። በአምስተኛው በሄሊኮፕተር ሆስፒታል ተወሰዱ፤ ከዚያ ወዲህ ከኦክስጅን አልተላቀቁም።

ጭሱ ከመወፈሩ የተነሳ መስፈርቱ ደመና ነው ብሎ ጥሎት ነበር። ዶክተር ዋሪክ ይህን የደረሱበት በማርች ነው። አስተካክለው አምስቱን ቀናት እንደገና ሲያሰሉ፣ በሥራ ዘመናቸው ካዩት ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ወጣ። ያን ጊዜ ግን ለማንም አይጠቅምም ነበር። እርማቱ ታትሞ ተመሰገኑበት፤ የምስጋናውን ደብዳቤ አልከፈቱትም።

በየወሩ ቱሙት እየነዱ ሄደው እህታቸው አጠገብ ይቀመጡ ነበር። «ተወው እንጂ፤ እሳቱን የለኮስከው አንተ አይደለህም» ይሏቸው ነበር።

በ2023 የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ሕክምናው ምንም አልለወጠም። በመጨረሻው ሳምንት ስለ ቱሙት አየር ጠየቁ። ብሮንዊን «ንጹሕ ነው» አለቻቸው።

«ማን ለካው?» አሉ።

ጁን 11 ቀን 2024፣ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ዛሬ እዚህ ከፊት ወንበር የተቀመጡትን ወይዘሮ ኖሪንን ትተው ነው የሄዱት።

እግዚአብሔር የዋሪክን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል፤ ኖሪንንም እስትንፋስ አይንሳብን።