የሁለተኛው እጅ ጓንት

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14

ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ፣ ቀላል። ውኃው ጥሩ። ሲቭ ከጠለቀችበት ከወትሮው ቀድማ ወጣች። ከረጢቷ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ከባሕሩ ወለል የምትለቅመው የሚበላ ዛጎል አለቀ እንዴ ብዬ ጠየቅኳት። ሞልቷል፣ መልቀም ግን አልቻልኩም አለች። እርጥቡን ጓንት ስታወልቅ ጣቶቿ እንደ ሻማ ነጭ። ጫፋቸው ግራጫ። ኩባያ ቡና ሰጠኋት፣ መያዝ አቃታትና ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሌላ ቀዳሁና ራሴ አፏ ላይ ያዝኩላት። ሁለታችንም ወደ ባሕሩ እያየን ጠጣችው።

"ጣቶቼ የሌላ ሰው ናቸው" አለች።

ዳቦ ቆርሼ ዘረጋሁላት… እሱንስ በምን ትይዘው? ሞተር አስነሥቼ ገባን።

እራት የተቀቀለ ዓሣ። ድንቹ ውኃው አልቆበት አረረ። በላሁት።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 17

ሐኪም ጋ ወሰድኳት። መኪና ውስጥ ሆኜ ጠበቅኩ። ስትመለስ በሩን ወርውራ ዘጋችው። ገና መንገድ ሳንጀምር ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። እጇ ደረቅና ሙቅ ሆኖ የምትሠራበት ዘዴ ካገኘች ትቀጥል። ካላገኘች እስከ ፋሲካ ነው፣ ከዚያ ባሕር የለም። አለዚያ ደሙ ወደ ጣቶቿ ሳይመለስ የሚቀርበት ቀን ይመጣል።

ስለዚህ ውኃ የማያስገባ ጓንት። በፊትም ብያት ነበር፣ ጣት ያደነዝዛል ብላ እምቢ ያለችው እሷ ናት። አሁን ግን "ብዬሽ ነበር" አላልኩም። እኔም በጠለቅኩበት ዘመን ግትር ነበርኩ። ውጤቱ እነዚህ ሁለት የተበላሹ እጆቼ ናቸው።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 19

ልጄ ትሩልስ ከኦስሎ ደወለ። እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ ስለ አየሩ፣ ቀጥሎ ስለ ጉልበቴ፣ መጨረሻ ላይ ስለ እሷ። ሲቭ እስካሁን ካንተ ጋር ናት ወይ አለኝ። ጀልባ ላይ ናት አልኩት።

"አባዬ፣ ከተፋታን አራት ዓመት ሆነን እኮ። አሁን ምንህ ናት?"

ዝናብ ሊመጣ ነው አልኩት።

እውነቱን ለመናገር አላውቅም። ምራቴ ነበረች። ትሩልስ ሻንጣውን ይዞ ሲሄድ፣ በማግሥቱ ጠዋት የመጥለቂያ ልብሷን ለብሳ ጀልባው ላይ ጠበቀችኝ። ዛሬ ወዴት ነው የምንወጣው አለች። ነገርኳት። ስለ ሌላው ነገር እስከ ዛሬ ተነጋግረን አናውቅም። እኔ ግን በየጠዋቱ ወደ ወደቡ ስወርድ፣ ዛሬ ባትኖርስ እላለሁ…

ከሰዓት ዛጎላችንን የምትረከበው ብዮርግ ዋፍል የሚባለውን ጣፋጭ ቂጣ ጋግራ ጠራችኝ። የሰሜን ሰዎች ጠላቂ ይፈልጋሉ፣ የሲቭን ስም እየጠየቁ ነው አለች። አልሰማህም? አልሰማሁም። ዋፍሉ ጥሩ ነበር። አልጨረስኩትም።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 22

ትሮንድሄም ከተማ ሄድን። የመጥለቂያ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ። ሻጩ ራሰ በራ፣ ትዕግሥተኛ ሰው። ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘረጋልን።

አንዱ ጓንት የመጥለቂያ ልብሱ እጅጌ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ነው። አይወልቅም። ሲቭ ወዲያው ወደዚያ ገፋችው። "ምሳዬን አንተ ልታጎርሰኝ ነው?" አለችኝ። ሻጩ ሳቀ። ደግሞ የዛጎል ጠርዝ ምላጭ ነው፤ አንድ ጣት በተቀደደ ቁጥር ልብሱ በሙሉ ለጥገና ሊሄድ ነው። የሚወልቅ ነው የሚያስፈልጋት። አንድ ቀለበት እጅጌው ላይ፣ አንድ ቀለበት ጓንቱ ላይ። ሁለቱ ሲገጥሙ በመሃላቸው ቀጭን ላስቲክ ይታመቃል፣ ውኃ አይገባም። ምሳ ሲደርስ ይወልቃል፣ ሲቀደድ ጓንቱ ብቻ ይቀየራል።

ከሚወልቁት ሁለት ቀሩ። ጥቁሩ ቀለበቱ ቀጭን ነው፣ መረብ አይዘውም፤ ግን እስኪገጥም በኃይል መጫን ይፈልጋል። የመጀመሪያውን እጅ ራስሽ ትዘጊያለሽ አላት ሻጩ፤ ሁለተኛውን ግን ጓንት በለበሰ እጅ መጫን አይቻልም፣ ሰው ያስፈልጋል። ሰማያዊው ወፈር ይላል፣ በመጠምዘዝ ይዘጋል።

"ይሄኛውን ብቻዬን እችላለሁ?" አለች።

ትችያለሽ።

"ሁለቱንም እጅ? ማንም ሳያግዘኝ?"

ጠየቀች፣ ዞር ብላ ሌላ ነገር አየች፣ ተመልሳ እንደገና ጠየቀች። እኔ የማልገዛውን የእጅ ባትሪ አገላብጣለሁ።

ሁለቱንም ለሙከራ ወሰድን። ያልተስማማንን ልንመልስ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 23

ብቻዋን። እኔ ጀልባው ላይ እያለሁ ለምን ብቻዋን?

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 25

ማዕድ ቤት ውስጥ ሙከራ። የልብሷን አንድ እጅጌ አጥልቄ፣ ጥቁሩን ጓንት ገጥሜ፣ እጄን በረዶ የሞላ ባልዲ ውስጥ ነክሬ ዜና አዳመጥኩ። ዜናው አለቀ። እጄ ደረቅ። ሲቭ ገብታ እንዲህ ሆኜ አገኘችኝ።

"ጥፍርህን ልትቀባ ነው?"

ከውስጥ የሱፍ ጓንት ይለበሳል። ሻጩ ያሳየን ሌላም ነገር አለ፦ አንጓዋን ከሚያጠብቀው የልብሱ ላስቲክ ሥር ወፍራም የሱፍ ክር ማሳለፍ። አየር በክሩ በኩል ከልብሱ ወደ ጓንቱ ይሄዳል። ካልሄደ ጥልቁ ላይ ጓንቱ እጅን እንደ ጉጠት ይጨመድዳል። ክሩን እኔ ቆረጥኩላት። ሲቭ አየችውና ረዘመ አለች። አሳጠርኩት።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 28

ዛሬ ጥቁሩ። ባሕሩ ጸጥ ያለ። ሞተር አጠፋሁ።

ቀኝ እጇን ራሷ ዘጋች። ግራውን ዘረጋችልኝ። እጇን ይዤ አላውቅም… የሠርጓ ቀን ጨብጫት ይሆናል። አንጓዋን ያዝኩና ቀለበቱን በሁለት አውራ ጣቶቼ ተጫንኩ። አልገባም። እንደገና። ከአውራ ጣቶቼ ሥር ያለው መጋጠሚያ ላይ ምስማር የተመታብኝ ያህል። ፊቴን ወደ ሞተሩ አዞርኩ። ቀጭ አለ።

ብዙ ቆየች። ከረጢቱ ሞልቶ ወጣ። ጓንቱን ሳወልቅላት እጇ ቀይ፣ ሙቅ፣ የሱፉ መስመር የታተመበት። አይቡን ራሷ ቆረጠች። ዳቦዋን ይዛ እየበላች ጣቶቿን አንድ በአንድ ታንቀሳቅሳቸዋለች፣ ደግሞ ታያቸዋለች። እኔም አያለሁ።

ቤት ገብቼ አውራ ጣቶቼን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከርኩ። የሸሚዝ ቁልፍ መፍታት አቅቶኝ እንደለበስኩ ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 30

ዛሬ ሰማያዊው። ሁለቱንም ራሷ ዘጋች። ጊዜ ወሰደባት፣ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ጠመዘዘችው፣ ዘጋችው። እኔ ወንበሬ ላይ። እጄን ምን ላድርገው? ገመድ ጠቀለልኩ። የጠቀለልኩትን ፈታሁ።

ይሄም ደረቅ። ይሄም ሙቅ። ወፍራሙ ቀለበት መረቡ ላይ አንዴ ተያዘባት እንጂ ሌላ እንከን አላገኘችበትም።

ሰማያዊው ይሁን አለች። ጥቁሩ ይሻላል አልኩ፣ ቀጭን ነው፣ መረብ አይዘውም… ምክንያቴ ይሄ ብቻ ይመስል። የምጠልቀው እኔ ነኝ አለች። ሞተር አስነሣሁ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 1

ማዕበል። አልወጣንም። እሷ ቤቷ፣ እኔ ቤቴ።

ጥቁሩን ለመመለስ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ሰሜን የሚሻላት ሰማያዊው ነው። እዚያ ማን ይጫንላታል? ከሄደች ከነጣቶቿ ትሂድ። ይሄን ያህል አስቤ ቡና አፈላሁ። ለሁለት ሰው አፍልቼ ኖሯል።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3

ጀልባ ማቆሚያው ውስጥ መረብ ስንጠግን አላስቻለኝም። የሰሜኖቹ ጀልባ ትልቅ ነው አሉ አልኳት። ቀና አለች። የትኞቹ ሰሜኖች? ብዮርግ ያለችኝን ነገርኳት። እነሱን ከገና በፊት እምቢ ብያቸዋለሁ አለች፣ መርፌዋን ሳታቆም።

"ታዲያ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን፣ ብቻዬን ምን ነበር?"

መርፌዋን አስቀመጠች።

"አውራ ጣትህን አይቼ ነዋ። የዓሣ ሳጥን ስታነሣ አያለሁ፣ የፔርሙዝ ክዳን ስትከፍት አያለሁ። ማክሰኞ ቀለበቱን ስትጫን ደግሞ ፊትህን ወደ ሞተሩ አዞርክ። ሞተሩ ጠፍቶ ነበር፣ ኦድቫር።"

መረቡ ላይ ቀዳዳ ፈለግኩ።

"ይሄን ሁሉ ከምትብሰለሰል ለምን አልጠየቅከኝም?"

"ምን ብዬ?"

"ትሄጃለሽ ወይ ብለህ።"

"ትሄጃለሽ ወይ?"

"አልሄድም።"

መረቡን ቀጠልን። የሠራሁት ቋጠሮ ሁሉ ላላ፣ ነገ ፈትቼ እደግመዋለሁ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 5

ሰማያዊው ቀረ። ሲቭ ትዘጋለች፣ እኔ ላስቲኮቹን እንከባከባለሁ። ወደ ቤት እየወሰድኩ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ መብራት ሥር ቅባት እቀባለሁ። ጣቴን አያመኝም፣ ሥራ ነው። ደስ ብሎኛል።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 7

ውኃ ገባ።

ገና እንደወረደች የምልክት ገመዱን ደጋግማ ሳበች። ስትወጣ ከንፈሯ ጠቁሯል። አየር የሚያሳልፈው ክር ውኃውንም አሳልፎት እስከ ክርኗ ርሳለች። ጓንቱን ገፍፌ ጃኬቴን ከፈትኩና እጇን ብብቴ ውስጥ አስገባሁት። እንደ በረዶ። አልጠየቅኳትም፣ አልጠየቀችኝም። ጀልባዋ ትወዛወዛለች፣ እኛ እንደዚያው ቆመናል። ጣቶቿ መንቀሳቀስ እስኪጀምሩ።

ቤት መነጽሬን አድርጌ ላስቲኩን አየሁት። ቅባቱ ውስጥ አንድ ፀጉር። ነጭ፣ ጥምዝ። የጺሜ ነው። መብራት ሥር አጎንብሼ ስቀባ… በዚያች ፀጉር ሥር ነው ውኃው የገባው። ለእጇ ብዬ የደከምኩበት ነገር እጇን ሊያሳጣት።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8

ፀጉሩን ወረቀት ላይ ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ሳልቀመጥ ነገርኳት። ጥቁሩን መልሰን እንያዝ፣ ወይ ሌላ ሰው ፈልጊ አልኩ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዛ ረጅም ጊዜ አየችው።

"በአንድ ፀጉር ልታሰናብተኝ ነው?" አለች።

ከዚያ ቁጭ ብላ አሰበች። ከመጥለቋ በፊት ልብሷን በአየር ብትነፋውና እጆቿን ብታነሣ፣ አየሩ በክሩ አልፎ ጓንቱን ይነፋዋል። ቀለበቱ ክፍተት ካለው አየሩ በዚያ ይወጣል። እሷ ትዘጋለች፣ እኔ እፈትሻለሁ። ባሕር ላይ ነፋስ ስላለ በጆሮ አይሰማም፣ በቆዳ ነው። ልብሱን እዚያው ለብሳ ነፋችው፣ መዳፌን አስጠጋሁ። መዳፌ ከሞተ ቆይቷል፣ ምጣድም አይሰማው።

"ታዲያ ሌላ ምን አለህ?" አለች።

ጉንጬን አስጠጋሁ። ቀለበቱን ሆን ብላ አላልታው ነበር። እሷ እየነፈሰ ነው ትላለች፣ ለኔ ምንም። ጺሜ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

"ጫካ ውስጥ ነፋስ እየፈለግን ነው" አለችና ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9

ትሩልስ ደወለ። አየሩ፣ ጉልበቴ። ሲቭስ፣ እዚያው አለች? አለች፣ አትሄድም አልኩት። በምን አወቅክ አለ።

"ጠየቅኳት።"

ወሬውን ወደ አየሩ መለሰው። እሱም ጠይቋት አያውቅም መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11

ጺሜን ተላጨሁ። ትሩልስ ሲወለድ የነበረ ጺም ነው። መስታወት ውስጥ ያለው ሰውዬ አባቴን ይመስላል፣ ከሱ ይልቅ የደነገጠ። ጉንጬ እንደ ሕፃን ነጭ።

ወደብ ላይ ብዮርግ ባዶ ሳጥኖች ስታቀብለን አላወቀችኝም። ጀልባሽ ላይ ያለው ማነው አለቻት። ሲቭ ሳጥኑን ከመደርደር ቀና ሳትል መለሰች።

"ለሙከራ የወሰድኩት ነው። ካልተስማማኝ እመልሰዋለሁ።"

ነፋስ ከሰሜን፣ የሚቆርጥ። ቀኙን ጠምዝዛ ዘጋች፣ ግራውን ዘጋች። ልብሷን ነፋች፣ እጆቿን አነሣች። ጓንቶቹ እንደ ላም ጡት አበጡ። ከዚያ ዝቅ አድርጋ ሰጠችኝ።

የቀኙን ቀለበት በጉንጬ ዞርኩት። ምንም። ግራውን… ከአውራ ጣቷ በኩል አንዲት ቀጭን ነገር። ትንፋሽ የማታህል። በዚያ ሁሉ ብርድ ውስጥ ሙቅ ናት። ሱፍ ሱፍ ትሸታለች። ትንሽ ቆየሁባት። ሥራ ነው ብዬ።

"አገኘህ?"

"አገኘሁ።"

ፈታነው። ከሱፍ ጓንቷ የተነቀለ ብጣሽ ክር ነው። ጠረግኩ፣ ቀባሁ፣ እሷ ዘጋች። እንደገና እጇን ይዤ ጉንጬን አስጠጋሁ። አልቸኮልኩም። ዙሪያውን በሙሉ። ምንም የለም።

"ሂጂ" አልኳት።