የሚኒስትሩ ሳል

ሰኞ፣ ጥቅምት 7፣ ጠዋት

የተሳፈርኩበት ማታቱ፣ የናይሮቢው ሚኒባስ፣ ቲካ መንገድ ላይ ቆሟል። ዝናብ ነው። ከካሳራኒ የወጣሁት ማልጄ ነበር፤ ምንም አልጠቀመኝ። ማስታወሻዬ፣ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ እጽፍሃለሁ፤ ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ።

የድሮው የአሻንጉሊት ፕሮግራም ትናንት ማታ ተመለሰ። ባለሥልጣኖቹን በላስቲክ ፊት እያቆመ የሚያሾፍባቸው፣ አንድ ሰሞን እሑድ ማታ ከተማውን ሁሉ ቤቱ ያስቀምጥ የነበረው። አለቃዬ ገና ሳልነሳ ደወለ። የሚመጣውንም እሑድ ተመልክቼ፣ አዲሱ ከድሮው ይስተካከላል ወይ የሚለውን በቴ.ቪ. ዓምዴ እንድጽፍ ይፈልጋል። ጣቢያው በፕሮግራሙ ይቀጥል አይቀጥል ገና አልቆረጠም፤ የጋዜጣ ቃል ያዘነብለዋል።

የሚኒስትሩን አሻንጉሊት የሠራውና ድምፁን የሰጠው ሙሉጌታ ጓደኛዬ እንደነበር ነገርኩት። ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። አሁን ሚኒስትሩን የምታናግረው ልጁ ማህሌት እንደሆነችም ነገርኩት። እንዲያውም ይሻላል፣ ከውስጥ ታውቀዋለህ፣ አለና ዘጋ።

ትናንት ሚኒስትሩ ስለ መንገድ ሥራ ተጠየቀ። ዝም። ከዚያ ሳለ። ሁለት ጊዜ፣ ደረቅ፤ ሦስተኛውን ዋጥ አደረገው። ከዚያ አንዲት ቃል ተነፈሰ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

እኔ እቤቴ ሻዬን አስቀምጬ ወደ በሩ ዞርኩ። ሰው የገባ መስሎኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 8

ስለ ሳሉ ካላስረዳሁህ የቀረው አይገባህም።

የሙሉጌታ ስዋሂሊ ያበሻ ስዋሂሊ ነበር፤ ረዘም ካለ ይጋለጣል። ስለዚህ ለሚኒስትሩ አጭር አጭር ቃል ተጻፈለት። ሳሉን ግን ማንም አልጻፈውም። ሙሉጌታ ሳንባውን ታሞ ነበር፤ እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ ቀረጻ ላይ ሲይዘው አዘጋጆቹ ሊያቋርጡ እጃቸውን አነሡ፤ የተጋበዘው ተመልካች ሳቀ፤ ተዉት። በሚቀጥለው ሳምንት ሕዝቡ ጠበቀው።

ከዚያ ወዲያ የሚኒስትሩ ጠባይ ሆነ። ማታቱ ውስጥ ሒሳብ ሲጠየቁ የሚስሉ ነበሩ። ልጆች በትምህርት ቤት ግቢ ይስሉ ነበር። እውነተኛው ሚኒስትር ሲስል ግን ሰምቼው አላውቅም፤ ብዙ መግለጫ ላይ ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ። በመጨረሻዎቹ ወራት ሳሉ ረዘመ። ሳቁም አብሮ ረዘመ።

ዛሬ አርታኢ ክፍል ውስጥ ከስፖርት ዴስክ አንዱ ሳለ። ሁሉም ሳቁ። ሳሉ ተመልሷል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 9

ፓርክላንድስ፣ ወ/ሮ የሺ ሱቅ። የሙሉጌታ ባለቤት ናት፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የሐበሻ ልብስ ትሸጣለች። ስለ ዓምዱ በስልክ ነግሬያት ነበር፤ ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቀችና ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ ጀመረች።

“አይመጥንም ብለህ ጻፍና ይዘጋ።”

ውሸት አልጽፍም አልኳት።

“ጉድ ነው። ጋዜጣ ከመቼ ወዲህ ነው ውሸት የተጠየፈው?”

ሁለታችንም ሳቅን። እሷ ቀድማ ተወችው። ያንን ሳል አልጋ ላይ፣ ትራስ ደግፋለት፣ ሰሐን ይዛለት ነው የምታውቀው። አሁን እሑድ እሑድ ከልጇ አፍ ሊወጣ ነው። ማህሌት ያኔ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበረች፤ አባቷ ይተውን የነበረ ይመስላታል፤ የነገራት የለም። አንቺ ንገሪያት ስላት፣ አንደበቷ እንደማይታዘዝላት ነገረችኝ። ባለፈው እሑድ ፕሮግራሙ ሲጀምር ወጥ ቤት ገባች። ግድግዳው ግን ስስ ነው፤ ሁሉንም ሰማች።

ስወጣ ሚጥሚጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ጉቦ ነው? አልኩ። መርዝ ነው፣ አለች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 11፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ከቀረጻ መመለሴ ነው። በኢንዱስትሪው ሰፈር ያለ አሮጌ መጋዘን። የድሮዎቹ ላስቲኮች ፈራርሰዋል፤ የጄሶ ሞልዶቹ ግን ተርፈዋል፤ ጭንቅላቶቹን እንደገና ያፈሰሱት በእነሱ ነው። ቀለሙ ደማቅ፣ ዓይኑ በሞተር የሚዞር። በሥራ ጥራት ከድሮው ይበልጣል። ይህን እጽፋለሁ።

ሙሉጌታ ሲቀርጽ መስታወት ፊቱ ያቆም ነበር። ፎቶግራፍ ጆሮ አያሳይም፣ አጥንት አያሳይም ይል ነበር፤ የጎደለውን ከራሱ ፊት ይሞላል። ስለዚህ የሚኒስትሩ ጆሮ የሙሉጌታ ጆሮ ነው። ያኔ እያወቅን እንቀልድበት ነበር። ዛሬ ማህሌት ክንዷን ከፍ አድርጋ አሻንጉሊቱን ስታነሳው፣ ከእሷ ጆሮ በላይ ያው ጆሮ። ሌላ ቦታ ማየት ነበረብኝ።

ለሻይ ስናርፍ አጠገቤ ተቀመጠች።

“ሳሳ፣ አንክል” አለች፣ በናይሮቢ ልጆች ሰላምታ። “ተመሳሰለልህ?”

በጣም ተመሳስሏል፣ ችግሩም እሱ ነው አልኩ። ነገርኳት። ሳሉ ትወና እንዳልነበር፣ ምን እንደነበር። ጨርሼ ፊቷን አየሁ። አልደነገጠችም።

“አውቃለሁ እኮ። ለእረፍት ስመጣ ማታ ማታ የሚሰማው ምን ይመስልሃል? ማሚ የድሮውን ካሴት አታስከፍተኝም። ድምፁን የማገኘው እዚህ ብቻ ነው።”

የማታውቀው ሌላውን ነበር። እናቷ ፕሮግራሙን ጨርሶ ያልሰማች መስሏት ነበር። ወጥ ቤት ሆና እንደሰማች ስነግራት ኩባያዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ፖሌ አለች። ይቅርታ መጠየቋ ነው፤ ለእኔ ግን አልነበረም።

ተነሥታ ገባች። ሚኒስትሩ ተጠየቀ። ዝም አለ። ሳይስል ተናገረ፤ ያውም ረጅም፣ ጥርት ያለ የናይሮቢ ስዋሂሊ፣ ጥፋቱን ሁሉ ለዝናቡ የሚያሸክም። አባቷ ሊለው የማይችለውን። የካሜራ ሠራተኞቹ ሳቁ። ሥራው ከተመለሰ ወዲህ የራሷ ሆኖ ያየሁት ይህን ጊዜ ብቻ ነው። አዘጋጁ ኬቪን ብቻ አልሳቀም። ዝምታው ባዶ ነው እያለ ሰዓቱን ያያል።

እሑድ፣ ጥቅምት 13፣ ምሽት

ወ/ሮ የሺ ቤት። ማህሌት በስልክ ለምናት ነበር፤ ማሚ ዛሬ ብቻ እዪው፣ ሳሉን ትቼዋለሁ ብላ። እናት ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ልጅ መሃል፣ እኔ በወንበር። ወጥ ቤት የገባ የለም።

ሚኒስትሩ ቀረበ። ጥያቄው መጣ። ማህሌት የእናቷን ጉልበት ያዝ አድርጋ፣ አሁን ይናገራል አለቻት።

ሳለ።

ሁለት ደረቅ። ሦስተኛው አልተዋጠም፤ ረዘመ፣ ከሥር ውሃ ያለው። የተቀዳ ሳቅ አልብሰውታል።

“እኔ አይደለሁም” አለች ማህሌት። ድምፅዋ የሕፃን ሆነ። “ማሚ፣ እኔ አይደለሁም።”

ወ/ሮ የሺ ቀድማ አውቃለች። ቴሌቪዥኑን አትኩራ እያየች፣ “አሁንም አልተሻለውም” አለች፤ ለማን እንደሆነ እንጃ።

እጄ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ይህን ስጽፍልህም እንደቆመ ነው።

ወደ ደጅ ወጥቼ ኬቪን ጋ ደወልኩ። አልካደም። ዝምታው ሞቶበት የማህሌትን ንግግር አውጥቶ፣ በቦታው የሙሉጌታን ሳል ከድሮው ካሴት ቆርጦ አስገብቷል። ክፋት የለበትም፤ ኩራት እንጂ። አሁን ከድሮው ጋር አንድ አልሆነም ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ስመለስ ቴሌቪዥኑ ተዘግቷል። እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል።

“ጻፈው” አለች ወ/ሮ የሺ።

ምን ብዬ?

“ሲስል የነበረው ባሌ ነው በል። ታሞ ነው በል። የሚስቅ ካለ አውቆ ይሳቅ።”

ማህሌትን አየኋት፤ እንጀራዋ ነው። ይህ ከታተመ ጣቢያው ሊተወው ይችላል፣ ኬቪንም ሊያባርራት ይችላል። ነገርኳት። ታውቀዋለች። ከተዉትም ይተዉት አለች፤ ካልተዉት ግን በራሷ አፍ ትናገራለች፣ አባቷም ያርፋል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 14፣ ጠዋት፣ ቢሮ

እንቅልፍ የለም። መንገድ ላይ ማታቱው ውስጥ አንድ ሰው ሳለ፤ ጉንፋን ይሆናል። ወረድኩና የቀረውን በእግሬ መጣሁ።

ይስተካከላል ወይ? አይስተካከልም። የድሮው በሹም ይቀልድ ነበር። አዲሱ በድሮው ይኖራል፤ የዓርቧ ያቺ አንዲት ረጅም ንግግር ስትቀር፤ እሷም አየር ላይ ሳትደርስ በካሴት ታፍናለች። እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርኩ፤ እያወቅሁ አይደለም፤ ቢሆንም የሰማው ጆሮዬ ነበር።

አለቃዬ ርዕሱን ጠየቀ። ነገርኩት። ይህ የቴ.ቪ. ዓምድ ነው የሐዘን ማስታወቂያ? አለ። ሁለቱንም ነው አልኩ። ግን ቦታውን አልቀንስብህም አለ።

የሙሉጌታን ሙሉ ስም ከነአባቱ ጻፍኩ። በሽታውንም። አሁን ስለ ካሴቱ ወደምጽፍበት ክፍል ልገባ ነው፤ ኬቪን ጋ ደግሞ ደውዬ የሚለውን በራሱ ቃል ካልወሰድኩ አይሆንም። ደውያለሁ፤ ስልኩ ይጠራል።