በጣሪያው ሥር የደፈንናቸው ቀዳዳዎች

ውድ ባለቤቴ ተሰማ፣

ከተለየኸኝ ዛሬ ስምንት ወር ከአሥር ቀን ሆነ። ደብዳቤ ጤና በመጠየቅ እንዲጀመር ነው የተማርኩት፤ አንተን ግን ምን ብዬ እጠይቅሃለሁ? ስለ ቤታችን ልንገርህ።

ደርግ እስኪወርድ ብለን ለጥቂት ወራት የገባንበት ይህ የሮማ ቤት ጣሪያው እየተጠገነ ነው። በአልጋህ በኩል ያለው ኮርኒስ ጠቁሮ ነበር። ከታች የሚኖሩት አከራያችን ሲኞራ የሻጋታው ሽታ እሳቸው ድረስ እንደወረደ ሲነግሩኝ አፈርኩ። ቤቱ ከግራና ከቀኝ ጎረቤቶቹ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ስለሆነ፣ ኮርኒሱን ያጠቆረው ውሃ ከእነሱ የመጣ መስሎኝ ነበር። ግንበኛ አስመጡ። ሶፊታ ወደሚሉት፣ ከኮርኒሱ በላይ ወዳለው ባዶ ቦታ ወጣና ጥቂት ቆይቶ የሻገተ ጨርቅ ይዞ ወረደ። ዝናብ አልገባም አለኝ፤ ከምንቀቅለውና ከምንተነፍሰው የሚወጣው እንፋሎት መውጫ አጥቶ የጣሪያውን እንጨት አበስብሶታል። የአየር መውጫ ቀዳዳዎቹን ማን እንደደፈናቸው ጠየቀኝ።

እኔ ነኝ አልኩት።

በመጣን በመጀመሪያው ብርድ ሳል ሲጀምርህ ነፋስ መታህ ብዬ ነበር። ከጣሪያው ሥር ስድስት ቀዳዳዎች አገኘሁ። አንተ ከአዲስ አበባ ለብሰኸው የመጣኸውን ካፖርት እየቀደድክ ከመሰላሉ ሥር ታቀብለኝ ነበር። የሮማ ነፋስ ሁሉ እኛን ፍለጋ የመጣ ይመስል እያልክ ስታሾፍብኝ፣ ቀልዱን ትተህ ጨርቁን በወጉ እጠፈው ብዬ ተቆጣሁህ። ሥራ ላይ አልለግምምና አንዲት ጭላንጭል አላስቀረሁም።

ያከሙህ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ጠየቅኋቸው። የሳንባህ ሕመም የቆየ እንደነበር፣ ሻጋታው ብቻውን እንዳልገደለህ፣ ነገር ግን እንደጎዳህ ነገሩኝ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ዕድሜው ነው፣ እንዳንቺ ማን አስታመመ ይሉኛል። ደግነታቸው ይገባኛል። አገር ቤት ላለችው እህትህ እስካሁን አልጻፍኩላትም፤ ደብዳቤ እየተከፈተ በሚነበብበት አገር ይህን ከእሷ በፊት ባዕድ እንዲያነበው አልፈልግም።

አሁን ቀዳዳዎቹ ተከፍተዋል። ግንበኛው ወፍ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ መታባቸው፤ አንዱን አጣሞ ስለመታው አስነቅዬ እንደገና አሠራሁት። ኮርኒሱ እየደረቀ ነው። ቤቱ ይበርዳል፤ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ እተኛለሁ።

በመጨረሻው ሳምንትህ መስኮቱን ትንሽ ክፈችልኝ ብለኸኝ ነበር። አልቦህ ስለነበር ምች ይመታሃል ብዬ እንቢ አልኩህ፤ ነጠላዬን አንገትህ ላይ ጠመጠምኩልህ። ሁለተኛ አልጠየቅኸኝም።

ይህን ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ። እስክከተልህ ድረስ በየቀኑ አስብሃለሁ፤ ሳስብህም ያን እንቢታዬን አልዘለውም።

ሚስትህ በላይነሽ