ናዝሬት «ፌይል» ያለች ዕለት

ይድረስ ጁባ ላለችው እህቴ ለተሻለች።

የእናቴ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ባንተአምላክስ ያ ሳሉ ለቀቀው? ሙቀቱ ዘንድሮ በረድ ብሎላችኋል ወይስ እንደ ዴራ የግንቦት ፀሐይ ላብ በላብ ናችሁ? እኛ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። ብርዱ ብቻ አጥንት ይገባል። ጭላሎ ከሰኔ ጀምሮ ጉሙን እንደተከናነበ ነው፣ ፊቱን አላየነውም።

በስልክ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትጠይቂኝ ስለ ጎረቤታችን ስለ ጋሽ ሣህሌ ስለሆነ ከእሳቸው ልጀምር። የዐይናቸው ሞራ ተገፈፈላቸው። ልጃቸው ፀዲ ከሁሩታ ልጆቿን ይዛ መጥታ እያስታመመቻቸው ነው። ፋሻው ሳይፈታ እንደ ሕፃን የዋህ ሆነው ሰንብተው ነበር፤ ከተፈታ ወዲህ ግን የማያዩት ነገር የለም። በቀደም አጥሩ ጋ ቆመው ትክ ብለው አዩኝና «አልጣሽ፣ ለካስ እንዲህ አርጅተሻል» አሉኝ። «ለእርስዎስ ሞራው ይሻልዎት ነበር» አልኳቸው። ፀዲ በሳቅ ሞተች። የፀዲ ትልቋ ልጅ ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አልፋለች፣ ባሏም ደኅና ነው።

አሁን ወደ ልጅሽ ወደ ናዝሬት ልምጣ። እባክሽ ቶሎ ብለሽ ወረቀቱን እንዳትገለብጪ፣ በተራው ነው የምነግርሽ። እንደምታውቂው ባለፈው ሴሚስተር ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ነበር። በዚህ በስታቲስቲክሱ ትምህርት ሲ ካላመጣች ከዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰናበቷ ነው። አንቺም «እንዲያ ከሆነ ትምጣና ሆቴሉን ታግዘኝ» ብለሽ ቁርጡን ነግረሻታል። ጠልታሽ አይደለም፣ ግን ሆቴል ማገዝ አትፈልግም፤ ትምህርቷን ነው የምትፈልገው። ፈተናው ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ነበር።

ምግብ ቤቴ ከግቢው በር ፊት ለፊት ስለሆነ ዝናብ በመጣ ቁጥር ተማሪው ለፓስታውም ለመጠለያውም እኔው ጋ ነው የሚሮጠው። ያን ቀንም ናዝሬት ከሁለት ጓደኞቿ ጋር እንደ ጫጩት ርሳ ገባች። አንደኛው ሌሊሳ ነው፣ የበቆጂ ልጅ። እኔን እንደ አገሩ «አዳዳ» ይለኛል፣ አክስቴ ማለቱ ነው። ሁለተኛዋ ባርኮት ናት፣ የመምህር ልጅ፣ ዝምተኛ፣ ከክፍላቸው ቀዳሚዋ እሷ ናት ይላሉ። ወንበር እንኳ ሳይዙ መልስ ማመሳከር ጀመሩ። «አንደኛው ስንት መጣልሽ?» «ሁለት ነጥብ አራት።» «ለእኔ አራት ነጥብ ሁለት መጣ» አለች ናዝሬት። ሌሊሳ «አይዞሽ፣ መምህሩ ወረቀቱን ገልብጦ ካየው ያው ነው» አላት። ከዚያ ደግሞ ግሬድ ወደ ማደል ሄዱ። ለባርኮት ኤ ሰጧት፤ ሌሊሳ ለራሱ ቢ ፕላስ ወሰደ፣ «ከዚህ ካነሰ አቤት እላለሁ» እያለ። ለመምህሩ የተረፈ ሥራ አልነበረም። ለናዝሬት ሲደርሱ ግን ሁለቱም ጣሪያ ጣሪያ አዩ። ሌሊሳ «የመጨረሻውን ከሠራሽው ሲ አታጪም» አላት።

ይኼ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ማርክ የያዘ ነው አሉ። ሁለት ዓይነት ገብስ ተዘርቶ ምርታቸው ይለያያል ወይ የሚል ነው። ሌሊሳ «ሪጀክት» አለ። ባርኮትም «ሪጀክት» አለች። ናዝሬት «እኔ ፌይል» አለች። ሌሊሳ «አንቺ ልጅ፣ ብቻሽን?» አላት። «ብቻዬን» አለችና ሹካዋን አስቀመጠች። ፓስታዋን አልጨረሰችም።

እኔ እዚያው ጥግ ስጎ እያማሰልኩ ነበር። ሪጀክት የሚሉትን አላወቅኩትም፤ ፌይልን ግን የማያውቅ ማን አለ? ልጅሽ በገዛ አፏ ወደቅኩ ስትል ሰማኋት። ሰው ፊት ምን ብዬ ልጠይቃት? ብቻችንን ስንሆንም ቁስሏን መነካካት ሆነብኝና ዝም አልኩ። ዝም አልኩ ስልሽ ለእሷ ነው እንጂ ለጋሽ ሣህሌ ነገርኳቸው፤ ትልቅ ሰው ቢመክራት ይሻላል ብዬ።

እሳቸውም ማለዳ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው መጡ። «ልጄ፣ መውደቅ ያለ ነው። እኔም የመንጃ ፈቃድ ፈተና ወድቄ ወድቄ ነው ያለፍኩት፤ ይኸው ሰው ሳልገጭ ጡረታ ወጣሁ» አሏት። ናዝሬት አንገቷን ደፍታ «እሺ ጋሼ» አለች። የእሳቸው የእህት ልጅ ግቢው ውስጥ ሬጅስትራር እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። ናዝሬት ውጤቷን ከእሱ ሰምተው ሊያረዷት የመጡ መሰላት። እኔ ደግሞ ምንም ሳትጠይቅ እሺ ማለቷን ሳይ፣ አዎ ወድቃለች ብዬ ቁርጤን አወቅኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። እሷ ሻንጣዋን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደች፤ እኔ ለአንቺ ብዬ የበቆጂ ገብስ አስቆልቼ በሶ አስፈጨሁ። እሷ ልብስ ታጥፋለች፣ እኔ በሶውን በፌስታል እቋጥራለሁ። ሹራቧን አውጥታ «አክስትዬ፣ አንቺ ልበሽው፤ ጁባ ሹራብ ምን ይሠራልኛል» ብላ ሰጠችኝ። ለበስኩት። አንቺም እኮ ልትሄጂብኝ ስትይ ነጠላሽን ነው የተውሽልኝ።

በሶውን ሻንጣው ውስጥ ላስገባ ስል «አይዞሽ፣ እናትሽ አትቆጣም፤ ለሌሊሳ እንደነገርሽው ፌይል አልኩ ብለሽ ራስሽ ንገሪያት» አልኳት። «ምን አልኩ?» አለችኝ። «ፌይል።» «መቼ?» «ስጎ ሳማስል።» አልጋው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ለካ ፌይል ያለችው መልሱን ኖሯል። ሁለቱ ገብሶች ይለያያሉ ለማለት የቀረበው ማስረጃ አልበቃም ማለት ነው አለችኝ፤ እንግሊዝኛው «ፌይል ቱ ሪጀክት» የሚል ረጅም ስለሆነ አሳጥረው ነው የሚጠሩት፤ «ሪጀክት» ብቻ ያለ ግን ይለያያሉ ማለቱ ነው። ታዲያ አልበቃም ቢሉ ምን ነበረበት፣ ሰው ከሚያስደነግጡ? «ጋሽ ሣህሌስ ከማን ሰሙ?» ስትለኝ «ከእኔ» አልኳት። «እኔ ገብሱን ማስረጃ አልበቃኝም ብዬ ተውኩት፤ አንቺ ግን እኔን በአንድ ቃል ጣልሽኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ነገሩ ካለበት አልተነቃነቀም። ውጤቱ አልወጣም፤ ባርኮትን የመሰለች ልጅ ሪጀክት ብላ እሷ ብቻዋን ናት። ሻንጣውን አልፈታችውም፣ ሹራቡንም አልጠየቀችኝም። እኔም ከዚህ ወዲያ የምነግርሽ ስለሌለኝ ወደ ሰላምታው ልሂድ። ነገ ፍሰሐ ከእረፍቱ ወደ ጁባ ስለሚመለስ ደብዳቤውን በእሱ ነው የምልክልሽ።

ባንተአምላክን ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ሳሉን በዝንጅብል ይያዘው። ብሩህን ጥርሱ ሲወልቅ ጣሪያ ላይ መወርወር እንዳይረሳ በይው። አብራሽ የምትሠራውን ወርቅቱን እናቷ ደኅና ናቸው በያት፣ ገበያ አግኝቻቸው ጎመናቸውን እንደ ድሮው በክርክር ነው የሸጡልኝ። ፀዲም ሰላም ብላሻለች።

እዚህ ላይ ደርሼ ሳለ ሌሊሳ ዝናቡን እየሮጠ መጣ። መምህሩ ውጤቱን በቴሌግራም ለቆት ኖሯል። በሩ ላይ ቆሞ «አዳዳ፣ ጉድ ሆንን። ፌይል ያለችው አለፈች፤ ፌይል ያላልኩት እኔ ፌይል ከማድረግ ለጥቂት ተረፍኩ» አለ። ናዝሬት ሲ ፕላስ ናት። ባርኮት ቢ ፕላስ፣ እሱ ራሱ ሲ ተነፍጎት ሲ ማይነስ። «የገብስ አገር ልጅ ሆነህ?» ብለው «እሱ እኮ ነው የጣለኝ። አባቴ አንዱን ለቢራ አንዱን ለበሶ እየዘራ ሁለቱ አይለያዩም ብዬ ብጽፍ ከቤት ያባርረኛል፤ ቁጥሩን ማን አየው?» አለኝ። ናዝሬት ስልኩን ተቀብላ አየች፣ መለሰችለት፣ ደግማ ተቀብላ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «አክስትዬ፣ ሹራቤን» አለች። አውልቄ ሰጠኋት።

ጋሽ ሣህሌም ጫጫታውን ሰምተው ከፀዲ ጋር መጡ። ነገሩን ሲሰሙ «እኔማ ያን ዕለት ፊቷን ሳየው የወደቀ ሰው ፊት እንዳልሆነ አውቄያለሁ» አሉ። ጠረጴዛው ላይ ሻንጣ አጥቶ የተቀመጠውን ፌስታል በአዲሱ ዐይናቸው አዩና «ለተሻለች ጻፊላት፤ በሶው ብቻውን እየመጣ ነው በያት» አሉኝ።

እህትሽ አልጣሽ
አሰላ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.