በአውራ ጣት የተቆጠረ ልብ

ሐምሌ 18

እኔ፣ ስሜ ከዚህ በታችም የማይገለጸው ተፈታኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ አእምሮዬም በቦታው እያለ፣ የሚከተለውን እናዘዛለሁ፦ አክስቴ «የደም ዝውውርን አንብበሽ ጨረስሽ?» ስትለኝ «አዎ» አልኩ። ያየሁት ሥዕሎቹን ብቻ ነው። እነሱንም ቀይና ሰማያዊ ስለሆኑ... አምላክ ይቅር ይለኛል። አክስቴን እንጃ።

አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ነው የሚላት፤ የገዛ አባቷ እንኳ። (አባቷ ማለት አያቴ፣ አባባ።) ደረጃ ላይ ወድቃ እግሯ በጄሶ ከታሰረ ወዲህ ሶፋ ላይ ተጋድማ ቤቱን በክራንች ታስተዳድራለች። መጋረጃ በክራንች። ቴሌቪዥን በክራንች። እኔንም በክራንች።

የነርሲንግ ኮሌጁ መግቢያ ፈተና በዓመት አንዴ ነው። መጀመሪያ ጽሑፍ፣ ከዚያ ተግባር። ካለፍኩ በነጻ እማራለሁ። ካላለፍኩ... እናቴ የምትሠራበት ዳቦ ቤት አለቃ «ልጅሽን አምጪያት፣ ዳቦ ትደርድር» ብሏታል። እሷም በእኔ ዕድሜ «ለትንሽ ጊዜ» ብላ ነው የገባችው። ይኸው ትንሿ ጊዜ አላለቀችም።

ሐምሌ 22

የልብ ምት መቁጠር ተጀመረ። ታማሚ ሆነው ለመተወን የተስማሙት አባባ ብቻ ናቸው። ለሲስተር ግን እጃቸውን አይሰጡም። «እሷ ከነካችኝ በሽታ ማግኘቷ አይቀርም» ይላሉ።

በአውራ ጣቴ የእጃቸውን አንጓ ጫን አደረግኩ። ኧረ ምቱ! ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ደግሞ ሲፈጥን!

«አባባ፣ ልብዎ ይጋልባል።»

«ቆንጆ ነርስ ስትይዘኝ ነዋ።»

«እየቀለድኩ አይደለም፣ በጣም ፈጥኗል።»

እጃቸውን ወስደው ደረታቸው ላይ አደረጉ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ለምን ደስ አለኝ? በሽታ ያገኘሁ መስሎኝ ይሆን... ጉድ ነኝ እኮ።

ሐምሌ 26

እናቴን ቆጠርኩ፤ ፈጣን። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ቆጠርኩ፤ ፈጣን። አባባ አሁንም ፈጣን። ይህ ሁሉ ሰው ወዴት ነው የሚሮጠው? ከእኔ ጋር መኖር ይሆን እንዲህ የሚያደርጋቸው?

ሐምሌ 30

አባባ ከወንበር ሲነሱ ግድግዳ ያዙ። «ምነው?» ስላቸው «ሊወድቅ ሲል ደገፍኩት» አሉ።

ነሐሴ 4

አክስቴ ዛሬ ከሶፋዋ ላይ ሆና የእናቴን ምት ስቆጥር አየችኝ። ክራንቿ ጠረጴዛውን መታው።

«በምንሽ ነው የምትቆጥሪው?»

«በእጄ።»

«በየትኛው ጣት?»

አውራ ጣቴን አሳየኋት። ዓይኗን ጨፈነች።

«አንቺ ቀልቃላ! አውራ ጣት የራሱ ምት አለው። የሰው ልብ ስትቆጥሪ አልከረምሽም። የራስሽን ነው ስትቆጥሪ የከረምሽው!»

እናቴ ሳቀች። ልብስ ሰፊው ቢሰማ ይስቃል። እኔም ሳቅኩ። ለካ በሰፈሩ ሲጋልብ የነበረው የእኔው ልብ ነው፤ ፈተና የፈራው።

ከዚያ አባባ ክፍል ገባሁ፣ በትክክለኛው መንገድ ልቆጥራቸው። ሁለት ጣት፣ ቀስ ብሎ። ምንም። ከዚያ... ድም። ጠበቅኩ። ድም። ከዚያ አንድ ሙሉ ምት ዘለለ። ጣቴን አዛወርኩ። ያው ነው።

«አባባ... ልብዎ ቀርፋፋ ነው። እየዘለለም ነው።»

«አሁን ደግሞ ቀርፋፋ ሆነ? በቀደም ይጋልባል አላልሽም?»

«ተሳስቼ ነው።»

ፊታቸው ልክ አልነበረም። ከትራሳቸው ሥር የግፊት ኪኒናቸውን አወጡ።

«ፈጥኗል ስትዪኝ ጊዜ... ሁለት ሁለት እየዋጥኩ ነበር፣ እንዲያበርደው።»

የራሴን አውራ ጣት አየሁት።

«ለሲስተር ልንገር» ብዬ ስነሳ እጄን ያዙኝ።

«ቁጭ በይ። ፈተናሽ ቅዳሜ ነው። ብትናገሪ ሆስፒታል ያስተኙኛል። ማን ያስታምመኛል? አባትሽ ከነጭነት መኪናው ስንት አገር አቋርጦ ነው ያለው። ሲስተር በአንድ እግሯ ናት። እናትሽን አለቃዋ አይለቃትም። አንቺ ነሽ የምትቀሪው። ፈተናውም ቀረ። እስከ ቅዳሜ ዝም በይ፤ እኔም አንድ አንድ እውጣለሁ።»

«ቃል?»

«ቃል።»

ዝም አልኩ። አሁን ይህን ስጽፍ በግድግዳው በኩል ሲስሉ ይሰማኛል። በሳሉ ቁጥር «አሉ» እላለሁ።

ነሐሴ 5

መጽሐፉን ገለጥኩ። ስለ ልብ ነው። ዘጋሁት። ስለ ኩላሊት አነበብኩ፤ ኩላሊትም ከልብ ነው ደም የሚመጣለት። ማምለጫ የለም።

አባባ ምሳቸውን ሳይጨርሱ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከንፈራቸው ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ እንጃ... የከንፈር አልነበረም።

ቅዳሜ ምን ያህል ሩቅ ነው?

ሄጄ ለአክስቴ ነገርኳት። አውራ ጣቱን፣ ኪኒኑን፣ ቃሉን፣ ሁሉንም። ክራንቿን አላነሳችም። ያኔ ነው ከልቤ የፈራሁት። «ስልኬን አቀብዪኝ» ብቻ አለች።

አባባ መኪና ውስጥ ሲያስገቧቸው አላዩኝም። ማለቴ፣ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ነሐሴ 6

ሆስፒታል። አስታማሚ ነኝ። አባባ እንዳሉት ሆነ፤ እናቴ አለቃዋን ለምና እንቢ ተብላለች። ሐኪሙ የልብ መለኪያ ገመዶች ደረታቸው ላይ ካያያዘ በኋላ ኪኒኑን ለጊዜው አስቆማቸው። «በሰዓቱ ደርሳችኋል» አለ። እኔን አይቶ ነው ያለው ወይስ ግድግዳውን?

አባባ አያናግሩኝም። ውሃ ስሰጣቸው ለብርጭቆው «አመሰግናለሁ» ይላሉ።

ነሐሴ 7

ነገ ፈተና ነው። እኔ እዚህ ነኝ። መናገሬ ልክ ነበር፣ አውቃለሁ። ታዲያ ለምንድን ነው ሰዓቱን ደጋግሜ የማየው? ዳቦ መደርደር ምን አለበት... ይሸታል ደስ ሲል። ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። ራሴ አላመነችኝም።

ነሐሴ 8

ጠዋት ነርሷ ለዙር ስትገባ አባባ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«ይቺን ልጅ አስወጡልኝ!»

ነርሷ ደነገጠች። «የልጅ ልጅዎ አይደለችም እንዴ አባት?»

«አላውቃትም! ከመጣች ጀምሮ ብስኩቴን እየበላች ነው!»

(ብስኩቱ እውነት ነው።)

«አባባ! ምን ሆነዋል?»

«አየሽ? ሽማግሌ ባየች ቁጥር አባባ ነው የምትለው። ጥበቃ! ጥበቃ ይጠራልኝ!»

ክፍሉ ሁሉ ተንጫጫ። ጎን ያለው ታማሚ የራሱን ብስኩት ብርድ ልብሱ ውስጥ ደበቀ። ጥበቃው ክንዴን ሲይዘኝ ላለቅስ ዞር አልኩ፤ ያኔ አየኋቸው። ዓይናቸው ወደ ግድግዳው ሰዓት ሄደ። ከዚያ ወደ በሩ። ከዚያ ወደ እኔ። ሆስፒታል ከገባን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ።

ገባኝ።

ነርሷም ገባት መሰለኝ። «ሂጂ፣ እኔ አያቸዋለሁ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ጥበቃው በጨዋ ደንብ በር ድረስ ሸኘኝ። ከዚያ ወደ ፈተናው ሮጥኩ። ነጠላ ጫማ ነበር ያደረግኩት፤ አንደኛው መሻገሪያው ላይ ቀረ፣ ተመልሼ አነሳሁት።

ጽሑፉ... አላውቅም። ጻፍኩ።

ተግባሩ ላይ መነጽሯን ጸጉሯ ላይ የሰካች ፈታኝ የራሷን እጅ ዘረጋችልኝ። «ቁጠሪ።» ከፊቴ የነበረችው ልጅ ገና ጣቷን ስታሳርፍ «ሰባ ሁለት!» ብላ፣ ፈገግ ብላ ወጥታለች። እኔ ሁለት ጣት አሳረፍኩ። ምንም አልሰማም። የሚሰማኝ የራሴው ነው፣ ጆሮዬ ውስጥ። አገኘሁት... መቁጠር ጀመርኩ... አባባ ትዝ አሉኝ... ጠፋብኝ።

ሰባ ሁለት ማለት ይቻላል። ማን ያውቃል? ሁለት ቃል ናት።

«ጠፋብኝ» አልኩ። «እንደገና ልቁጠር?»

እጇን መልሳ ዘረጋችልኝ። «እንደገና።»

ቆጠርኩ፣ ነገርኳት፣ ጻፈች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። በር ነው ፊቷ።

ነሐሴ 13

አባባ ከሆስፒታል ወጡ። ኪኒናቸው አክስቴ እጅ ነው ያለው፤ እየቆጠረች ትሰጣቸዋለች፣ ካስዋጠቻቸው በኋላም አፋቸውን ታስከፍታለች። ስለዚያ ቅዳሜ፣ ስላስባረሯት ልጅ ጠየቅኳቸው።

«የቷ ልጅ?» አሉ። «ያቺ ሌባ?»

ነሐሴ 24

ስም ዝርዝሩ ተለጠፈ። ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። የለሁም... የለሁም... የለሁም። ከታች ሁለተኛ!

እናቴ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ዱቄት በዱቄት እንደሆነች አቀፈችኝ። አለቃዋ ብቅ ብሎ «ምን ተፈጠረ?» ሲላት «ዳቦ የሚደረድርልህ ሰው ፈልግ» አለችው። እናቴ! አለቃዋን!

ጥቅምት 9

ነጭ ጋውን ለብሻለሁ። እጅጌው ረዝሞብኝ ሁለቴ ጠቅልየዋለሁ። ትምህርቱ እየተሰጠ ነው፣ እኔ ከመጨረሻው ወንበር ሆኜ ጠረጴዛ ሥር እጽፋለሁ። አስተማሪያችን ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ባለ መነጽሯ። አሁንም ጸጉሯ ላይ ነው የሰካችው፤ በምን እንደምታይ እንጃ። «ታማሚ የሚጎዳው በማያውቅ ነርስ ብቻ አይደለም፣ አውቃለሁ ብሎ በሚ...» ቆይ፣ ለምን ዝም አለች?

መነጽሩ ወረደ። ወደዚህ ነው የምታየው። ስሜን ጠራች። ከነአባቴ ስም። ከነአባባ ስም።